አሳድሮ የሚመልስ ጀልባ

«ሁለት ዓመት በወዳጆቼ ጀልባ ዓሣ ሳጠምድ ቆይቼ አሁን የራሴን ልገዛ ነው። ሐሳቤ ከባለቤቴና ከ12 ዓመት ወንድ ልጃችን ጋር ቅዳሜ መውጣት፣ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙ ሳንርቅ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ መልህቅ ጥለን ማደር፣ እሑድ ዓሣ አጥምደን መመለስ ነው። አቅሜ የሚፈቅደው ያገለገለ ነው። እስካሁን ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛው 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጣራ የሌለው የፋይበርግላስ ጀልባ ነው፤ ሞተሩ አምና የተገጠመ፣ ቀለሙም አዲስ ነው። ሁለተኛው 6 ሜትር ተኩል ነው፤ ከፊቱ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ካቢን አለው፤ ሞተሩ ግን 14 ዓመት አገልግሏል፣ መልኩም ደብዝዟል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ልቤ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ባለቤቴ ግን ‹እኔ እዚያ ውስጥ አላድርም› ብላለች። ምን ይሻለኛል?»

ባሕር ናፋቂው

ውድ ባሕር ናፋቂ፣

ከደብዳቤዎ ሁሉ ቁም ነገር ሆኖ ያገኘሁት የባለቤትዎን ቃል ነው። ዓሣ ሲያጠምዱበት የሚውሉት ጀልባና የሚያድሩበት ጀልባ ለየቅል ናቸው። ቀን ሰው ነቅቶ ነው የሚውለው፤ ነፋስ ሲነሣ ያያል፣ ውሃ ሲገባ ይሰማል፣ ነገሩ ካላማረው ሞተሩን አስነሥቶ ይመለሳል። ሌሊት ሦስታችሁም እንቅልፍ ላይ ስትሆኑ የሚጠብቃችሁ ጀልባው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጀልባ ፊት ቆመው ራስዎን የሚጠይቁት «ማንም ሳያየው እስኪነጋ ድረስ ደኅና ሆኖ ይቆያል ወይ?» ብለው ይሁን።

በዚህ ከሄድን ምክሬ ሁለተኛውን ጀልባ ይመርምሩ ነው። ይግዙት አላልኩም፤ ይመርምሩት። ሞተር ቢያረጅ ይታደሳል፣ ካልሆነም ይለወጣል። የጀልባው አካል ውስጥ ውስጡን በስብሶ ከሆነ ግን ጥገናው ብዙ ጊዜ ከጀልባው ዋጋ ይበልጣል።

ስለ መጀመሪያው ያሳሰበኝን ልንገርዎ። አሮጌ ጀልባ ላይ አዲስ ሞተር ሲሰቀል ገዢ ዓይኑ ሞተሩ ላይ ይቀርና ጀልባውን ማየት ይረሳል። ሻጩ አዲስ ሞተር ገጥሞ በዓመቱ ለምን እንደሚሸጠው ይጠይቁት፤ ምክንያቱ ቀና ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደግሞ ክብደቱን ያስቡ። በፊት እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ላይ ይሰቀሉ የነበሩት ቱ-ስትሮክ ሞተሮች (ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብረው የሚያቃጥሉት) ቀለል ያሉ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ፎር-ስትሮኮች (ዘይታቸው ለብቻው የሆነው) በተመሳሳይ ጉልበት ብዙ ጊዜ ይከብዳሉ። ጀልባው ከኋላው ዝቅ ይላል። ወለሉ ላይ የገባ ውሃ ወደ ባሕሩ እንዲወርድ የተበጁት ቀዳዳዎች ከባሕሩ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ማስወጫ የነበረው ማስገቢያ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ጀልባው ውሃ ላይ እያለ ሦስታችሁም ሞተሩ አጠገብ ቁሙና እግራችሁ ሥር ውሃ ብቅ ይል እንደሆን ተመልከቱ። ብቅ ካለ እዚያ ጀልባ ውስጥ መተኛት አይታሰብም።

መሪው አካባቢ ወይም የኋላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳም ይፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ርዝመታቸው ከ20 ጫማ (6 ሜትር ገደማ) በታች የሆኑ አብዛኞቹ ባለሞተር ጀልባዎች ስንት ሰው፣ ምን ያህል ክብደትና እስከ ስንት የፈረስ ጉልበት ሞተር እንደሚሸከሙ የሚናገር ሰሌዳ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 አጋማሽ ወዲህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ የተመደቡበትን የባሕር ጠባይ በፊደል ይገልጻሉ። «ዲ» የተባለው ለተከለለ ውሃ ነው፤ ነፋሱ በቦፎርት መለኪያ (የነፋስን ኃይል ከ0 እስከ 12 በሚደለድለው) ከ4 አይለፍ፣ ማዕበሉም ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። «ሲ» ለባሕር ዳርቻ ነው፤ እስከ 6 የሚደርስ ነፋስና እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ማዕበል። «ቢ» እስከ 8 እና እስከ 4 ሜትር ይሄዳል። ለእርስዎ ጉዞ ከ«ሲ» በታች አይውረዱ። አዲሱ ሞተር ሰሌዳው ከሚፈቅደው ጉልበት በላይ ከሆነ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ፤ ኢንሹራንሱም ችግር ያመጣብዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ምርመራ ልግባ። ፋይበርግላስ ራሱ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል የሚታሸገው እንጨት ነው፤ በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ፣ ወለሉና ወለሉን ከሥር የተሸከሙት አግዳሚዎች እንዲህ ነው የተሠሩት። ውሃ የሚገባው በየብሎኑ ቀዳዳ ነው። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት መሰላል ወይም መብራት ሲገጥም ቀዳዳውን በማሸጊያ ሙጫ ሳይሞላው ይቀራል፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይገባና መውጫ ያጣል። ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡን ለቄስ ይሆናል።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ዘመዴ ጀልባ ላይ ሄጄ ያየሁትን አልረሳውም። ነጭ፣ የተወለወለ፣ እንከን የማይታይበት ጀልባ ነበር። የጠመንጃ መፍቻዬን የፕላስቲክ እጀታ ይዤ የኋላውን ግድግዳ ከላይ ጀምሬ በየአራት ጣቱ ማንኳኳት ያዝኩ። ከላይ «ቋ፣ ቋ» የሚል ደረቅ ድምፅ ነበር። ወደ ታች ስወርድ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ድንገት «ዱብ፣ ዱብ» አለ፤ እርጥብ ትራስ እንደ መምታት። እዚያው አጠገብ የዓሣ መፈለጊያው መሣሪያ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ተይዟል። ሻጩን አስፈቅጄ አንዱን ፈታሁት። ከቀዳዳው እንደ ሻይ የጠቆረ ውሃ ግድግዳውን ተከትሎ ወረደ፤ የበሰበሰ እንጨት ሽታው እስከ ቆምንበት መጣ። ሻጩም ከእኛ ባልተናነሰ ደነገጠ፤ እሱም አያውቅም ነበር። ጀልባውን የገደሉት እነዚያ ሁለት ብሎኖች ናቸው።

እርስዎም እንዲሁ ያንኳኩ፤ የኋላውን ግድግዳ፣ ወለሉን፣ የካቢኑን ጣራ፣ በተለይ የብረት ዕቃ የተገጠመበትን ዙሪያ። ጊዜ ወስደው፣ ጫጫታ በሌለበት ሰዓት ይሁን፤ ጆሮዎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል። ወለሉ ላይ ተረከዝዎን ጣል ጣል እያደረጉ ይሂዱ፣ የሚሰምጥ ቦታ ካለ ከሥሩ ያለው እንጨት አልቋል። ከዚያ ሞተሩን ትንሽ ወደ ላይ ያንሡትና የታችኛውን ጫፍ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፤ ሌላ ሰው ደግሞ ግድግዳው ከጎንና ከወለሉ ጋር የሚጋጠምበትን ይመልከት። ግድግዳው አብሮ የሚተነፍስ ከሆነ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ። የሞተሩ ቡሎኖች ዙሪያ የተሰነጠቀ ነገርና ከቀዳዳ የወረደ ቡናማ የውሃ መንገድም ያው ምልክት ነው።

የሸረሪት ድር የሚመስሉ ስንጥቆች በየቦታው ያያሉ። አብዛኞቹ የላይኛው ሽፋን ብቻ ናቸውና አያስደንግጡዎት። ከአንድ ነጥብ ተነሥተው በሰፊው የተበተኑ ወይም ከሆዱ ሥር ከአግዳሚዎቹ ጋር ትይዩ የሚሄዱ ከሆኑ ግን ጀልባው ተመትቷል ወይም አካሉ እየተጣጠፈ ነው። አዲስ ቀለም ደግሞ እነዚህን ሁሉ ስለሚሸፍን እኔ የደበዘዘውን ጀልባ ከተቀባው ይበልጥ አምነዋለሁ። የደበዘዘው ያለፈበትን አይደብቅም።

ጀልባው በተጎታች ላይ ከሆነ የማልተወው አንድ ነገር አለ፤ ጭነት ወደሚመዘንበት ሚዛን ወስዶ ማስመዘን። የፋብሪካውን ክብደት ይፈልጉ፣ የሞተሩን፣ የተጎታቹንና በውስጡ ያለውን ነዳጅ ይደምሩ፤ ቤንዚን በሊትር ወደ ሦስት ሩብ ኪሎ ይመዝናል። ሚዛኑ ከድምሩ 200 ኪሎ በልጦ ከተገኘና ዕቃው ይህን የማያክል ከሆነ፣ ትርፉ ጀልባው እንዲንሳፈፍ ወለሉ ሥር የተሞላው ስፖንጅ የጠጣው ውሃ ነው ብለው ይጠርጥሩ። እንዲህ ያለው ውሃ በፀሐይ አይደርቅም።

ወደ 14 ዓመቱ ሞተር እንምጣ። ዕድሜው ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በጨው ውሃ ከሠራ በኋላ ሁልጊዜ በንጹሕ ውሃ የታጠበ የ14 ዓመት ሞተር፣ አንዴም ሳይታጠብ ከቆመ የ5 ዓመት ሞተር ሊሻል ይችላል። ሻጩን «ከመምጣቴ በፊት እንዳታስነሣው» ብለው አደራ ይበሉ፤ ሲደርሱ እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት አንድ የተደበቀ ነገር አለ፤ ደካማ ሞተር የሚጋለጠው ከቅዝቃዜ ሲነሣ ነው። ሲነሣ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ፍሰት ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት፤ ማቀዝቀዣው መሥራቱን የሚናገረው እሱ ነው። መካኒክ ይዘው ካንዴላዎቹን አስፈትተው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕረሽን (ውስጡ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ያስለኩ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የታችኛውን ማርሽ ዘይትም ጥቂት ያስፈስሱ፤ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ይህን ሁሉ አልፎ ባሕር ላይ ሙሉ ጉልበት ሲሰጡት አምራቹ የወሰነው የዙር ብዛት ላይ ከደረሰ፣ 14 ዓመት ማገልገሉ አያስፈራዎትም።

የነዳጁን ታንክ ግን እንዳይዘነጉት። ወለል ሥር በስፖንጅ ታሽጎ የተቀመጠ የአሉሚኒየም ታንክ እርጥበቱ ከውጭ ይበላዋል፤ ለመለወጥ ወለሉ መቀደድ አለበት። የቤንዚን ሽታ በተዘጋ ካቢን ውስጥ ከሸተተዎት ምንጩ ሳይታወቅ ማንም እዚያ እንዳይተኛ።

አሁን ሌሊቱን እናስብ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጽፍልዎ የፈለግኩት ጀልባ መግዣ ላይ ብዙ ሰው የማያነሣው ጉዳይ ስለሆነ ነው።

አንድ ጊዜ በውሰት ጀልባ አድሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በብርድ ነቃሁ። ፍራሹ ከእግሬ በኩል ርሶ ነበር። እጄን ወደ ወለሉ ስሰድ ውሃው እስከ አንጓዬ ደረሰ። የፓምፑን ማብሪያ ብጫን ዝም አለ። ጀልባው አንድ ባትሪ ብቻ ነበረው፤ ያንን ባትሪ የመልህቅ መብራቱ አሮጌ አምፖልና ውሃ ሲገባ በራሱ የሚነሣው ፓምፕ ተጋግዘው ጨርሰውታል። ሞተሩም ያንኑ ባትሪ ነበር የሚጠብቀው። እስኪነጋ በባልዲ ስቀዳ አደርኩ። ምክንያቱ ሲገኝ ከወለሉ ውሃ የሚያወጣው የጎማ ቱቦ ደርቆ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ናት። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጀልባ ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው የወለሉን ክዳን ነው። የእጅ ባትሪ ይዤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በእጄ እጫናለሁ፤ የሚንኮሻኮሽ ካለ ይለወጣል። ከውሃው ወለል በታች ያለ ቱቦ ሁሉ በሁለት ማሰሪያ መያዝ አለበት፤ መዝጊያ ቧንቧዎቹም በእጅ ሲዞሩ መዞር አለባቸው።

ለማደር ሁለት ባትሪ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ ሞተር ማስነሻ ሆኖ ማንም የማይነካው፣ ሌላው ለመብራት፣ ለፓምፕና ለሬዲዮ። 10 ዋት የሚበላ አምፖል በ12 ቮልት ባትሪ 10 ሰዓት ቢበራ 8 አምፔር-ሰዓት (የባትሪ ይዘት የሚለካበት) ገደማ ይወስዳል፤ በኤልኢዲ ሲለወጥ ፍጆታው ወደ ትንሽ ክፍልፋይ ይወርዳል። የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ከ50 ሜትር በታች የሆነ የቆመ መርከብ በሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ነጭ መብራት እንዲያበራ ያዛል። ከ7 ሜትር በታች ለሆኑ፣ መርከብ ከሚመላለስበት መስመርና መልህቅ ከሚጣልበት ቦታ ርቀው ሲቆሙ፣ ግዴታውን ያነሣላቸዋል። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ያብሩት። ልጅዎ ውስጥ ተኝቷል።

መልህቁ ከጀልባው ጋር የመጣው ስለሆነ ብቻ ይበቃል አይበሉ። ለቀን ዓሣ ማጥመጃ የሚጣለው ትንሽ መልህቅ ለሌሊት አይሆንም። የሚለቁትን ገመድ ሲያሰሉ የውሃውን ጥልቀት ብቻ አይያዙ። ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ ገመዱ የሚታሰርበት የጀልባው አፍንጫ ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ያለ፣ ባሕሩ ሌሊት ሲሞላ ደግሞ 2 ሜትር የሚጨምር ቢሆን 7 ሜትር ይሆናል። ለማደር የሚለቀቀው ሰባት እጥፍ ነው፤ 49 ሜትር ማለት ነው፣ ከመልህቁ በኩል ጥቂት ሜትር ሰንሰለት ኖሮት። ያን ያህል ገመድ የሚይዝ ቦታ አፍንጫው ላይ አለ? የሚታሰርበት ብረት ከሥሩ በደንብ በቡሎን ታስሯል? ይህን ዕድሜዎን ሙሉ እንዳይረሱ፤ ትንሽ ጀልባ ከኋላው መልህቅ አይጥልም። የሞተሩ ክብደት ባለበት በኩል ገመዱ ሲጎትተው ማዕበሉ በግድግዳው ላይ ዘሎ ይገባል፤ ብዙ ትንንሽ ጀልባ የሰጠመው እንዲህ ነው።

ካቢኑ አየር የሚያስገባ ሁለት ክፍት ቦታ ይኑረው፤ አንዱ ማስገቢያ፣ አንዱ ማስወጫ። ሰው በተኛበት ካቢን ውስጥ የሚነድ ምድጃ ለሙቀት አይጠቀሙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የሞተር ጭስም ሸራ ከተዘረጋበት ጀልባ ኋላ ተመልሶ ይገባል። በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ደወል ገዝተው ከራስጌ ይስቀሉ፤ ጀልባውን በገዙ ቀን ይሁን።

ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ከውሃው ውስጥ ሆኖ ራሱ ወደ ታች ሊዘረጋው የሚችል መሰላል መኖሩን ይዩ። ልጅዎ የዋና ልብሱን ለብሶ ቢሞክረው ከሁሉ ይሻላል። በሬዲዮ ጉዳይ፣ ስልክ በማይሠራበትም የሚሠራው ቪኤችኤፍ የተባለው የባሕር ሬዲዮ ነው፤ የጭንቅ ጥሪው በቻናል 16 ነው፣ ከጉዞው በፊት ባለቤትዎም መጥራት ትለማመድ።

ሙከራውን ነፋስ ጥቂት በሚነሣበት ከሰዓት በኋላ ያድርጉት። ጠፍጣፋ ባሕር ላይ ሁሉም ጀልባ መልካም ነው። ማዕበሉን ፊት ለፊት፣ ከጎንም፣ ከኋላም ይሞክሩት፤ ጀልባው ከኋላ ሲገፋ አፍንጫው ውሃ ውስጥ የሚቀበር ወይም መሪው ከእጅዎ የሚያመልጥ ከሆነ ይህ በጥገና የሚስተካከል ጠባይ አይደለም። ከዚያ ሞተሩን ያጥፉትና ለግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉ፤ ባለቤትዎ ካቢን ውስጥ ጋደም ትበል። ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ከዚያ ታውቀዋለች። ወረቀቱ ላይ የጀልባው አካል ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕዳ የሌለበት መሆኑንም ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። ሁሉም ካማረዎት የመጨረሻውን ምርመራ ለጀልባ መርማሪ ባለሙያ ይተዉት፤ ክፍያው ከሚያድንዎት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ነዳጁን በሦስት ይክፈሉት፤ አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ የቀረው ለማይታወቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ታየኝ። ካቢኑ ሁለት ሰው ያስተኛል፤ እናንተ ሦስት ናችሁ። ሁለተኛውን ጀልባ ለማየት ሲሄዱ ሜትር ይዘው ይሂዱ። ከመሪው ኋላ ያለው ወለል ልጁን በቁመቱ ያስተኛዋል ወይ? ከላይ ሸራ የሚወጠርበት ቱቦ አለው? ጎኑስ ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ቢነሣ ከጉልበቱ በላይ ይደርሳል? የ12 ዓመት ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ የት እንደሚደርስ ያውቁታልና አሁን ካለው ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ጨምረው ይለኩ። ቦታው ከጠበበ ልጁ ካቢን ውስጥ ከእናቱ ጋር ይተኛ፣ ውጭ የሚያድሩት እርስዎ ይሁኑ፤ እንግዲያው ሜትሩን ለእርስዎም ይዘርጉት። የለኩትንና ሲያንኳኩ የሰሙትን ጽፈው ቢልኩልኝ ከመክፈልዎ በፊት አብረን እናየዋለን።